አረቄ የጠጣችው ሞተርና ጋሽ አለነ

«ሲስተር፣ አንቺ ከኋላው ተቀምጠሽ ነበር። ሲዞረኝ እያከበረኝ ነበር ወይስ እየሳቀብኝ?»

ይህን የጠየቁኝ ግራዝማች አድማሱ ናቸው፤ ባለፈው ክረምት፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሰው ሁሉ አፍ አፌን እያየ። እኔ ደሞ ነርስ ሆኜ ቆሰበር ከገባሁ ጀምሮ ሳይጠይቋት የምትመልስ እየተባልሁ የምታማ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን አንድ ቃል አልወጣኝም። ለምን እንዳልወጣኝ ለመናገር ስለ ጋሽ አለነ መናገር አለብኝ፤ ጋሽ አለነ ደሞ ሞቷል። መርዶው የመጣው በቀደም ነው። ክረምቱን ከኛ ጋር ከርሞ ወደ መተከል ቆላ ተዛውሮ ነበር፤ እዚያ ወባ ጣለው አሉ። አለቀስሁ፣ አልዋሽም። ብቻ ስለሱ ልጻፍ ብዬ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚመጣብኝ ሳቅ ነው። የሚቀየመኝ ይቀየመኝ። ጋሽ አለነን ያወቀ ሰው አይቀየመኝም።

ጋሽ አለነ በጤና ጣቢያችን የፈንጣጣ ከታቢ ነበር። አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ወታደር ቤት ሳለ የተሰጠውን ካፖርት ክረምት ከበጋ የማያወልቅ ሰው። ባርኔጣው እንዳይበርበት ከአገጩ ሥር በሻሽ ያስረዋል። ብረት በያጆች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት ጥቁር መነጽር ነበረው። ጠራራ ፀሐይ ካልሆነ በስተቀር በመነጽሩ ምንም አይታየውም፤ ቆሰበር ላይ ደሞ ክረምቱን ሙሉ ፀሐይ የለም። ስለዚህ ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ይዞራል። «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» ስለው፣ «ሳያዩኝ ያከብሩኛል» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

የነበረችን አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ናት፤ የሚነዳትም እሱ ብቻ ነው። እንደ ፈረስ አንገቷን መታ መታ ያደርጋታል። ጆሮውን ሰልባትዮዋ ላይ፣ ማለት ቤንዚን መያዣዋ ላይ፣ ለጥፎ ያዳምጣታል። ስትበላሽ ተበላሸች አይልም፤ «አኩርፋለች» ነው የሚለው። ጭቃ ውስጥ ጥላን ስንቆም፣ እኔ በንዴት ስንጨረጨር፣ እሱ ካፖርቱን ሰብስቦ ድንጋይ ላይ ቁጭ ይልና «ገና ማሟሟቋ ነው፣ ሲስተር» ይለኛል። አንድ ቀን መድኃኒቱን ሁሉ ጭቃ ውስጥ ደፍተንም «ገና ማሟሟቋ ነው» አለኝ። ጫማዬን ወረወርሁበት። ጫማዬን አንስቶ፣ ጭቃውን በካፖርቱ ጠርጎ፣ መለሰልኝ።

ሐምሌ ላይ መንገዱ ተቆረጠ። ከዳንግላ ቤንዚን የሚያመጣልን መኪና ጭቃ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። ጋሽ አለነ በርሜላችንን በጣቱ ቢያንኳኳው እንደ ከበሮ ጮኸ። ሞተሯ ቆመች ማለት ደሞ ዘንገና ሐይቅ ማዶ ምጥ የያዛት ሴት ጋ የምንደርሰው በእግር ነው ማለት ነው፤ በእግር የሄድን ጊዜ ብዙውን የምንደርሰው ለልቅሶው ነው።

ጋሽ አለነ ተከራይቶ የሚኖረው እቴ የሻረግ ግቢ ነበር። እቴ የሻረግ የገብስ አረቄ ታወጣለች። ዳግሙ፣ ሁለት ጊዜ የወጣው ማለት ነው፣ ከግምጃ ቤት ከተማ ድረስ ሰው ያስመጣል። አንድ ቀን ከሰዓት ጋሽ አለነ አስጠራኝና ስሄድ ሳህን ላይ አረቄ አፍስሶ ክብሪት ለኮሰበት።

«አየሽ፣ ሰማያዊ ነው» አለኝ። «የሚነድ ነገር ሁሉ ሞተር ያስኬዳል።»

«ኩበትም ይነድዳል» አልሁት። «ለምን ኩበት አትጨምርባትም?»

«አይፈስማ።»

የቀረችውን ቤንዚን ከዳግም አረቄ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅሎ ጨመረባት። ሞተሯ አንዴ አስነጠሰች፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ዝም አለች። ጋሽ አለነ ካንዴላዋን ፈትቶ አሸተተ። «ሰክራለች» አለ።

እኔ ከመድኃኒት ክፍል ጠርሙስ አምጥቼ ድብልቁን ቀዳሁበትና መስኮት ላይ አስቀመጥሁት። ትንሽ ቆይቶ ለሁለት ተከፈለ፤ ቤንዚኑ ከላይ፣ አረቄው ከታች።

«ተጣሉ» አለ ጋሽ አለነ።

«አልተጣሉም። አረቄው ውስጥ ውሃ አለ። ቤንዚን ከውሃ ጋር አይዋሃድም። ሞተሯ ደሞ የምትስበው ከታች ነው። አረቄ አጠጣኋት ብለህ ያጠጣሃት ውሃ ነው።»

እቴ የሻረግ ከኋላዬ መቆሟን አላየሁም።

«ምን አለ አልሽ?»

«ውሃ።»

«የኔ አረቄ ውስጥ?»

«የማንም አረቄ ውስጥ፣ እቴ የሻረግ። የተፈጥሮው ነው።»

«ይቺን ቃል ገበያ ላይ እንዳትደግሚያት። ከልጅነቴ ጀምሮ አረቄ አወጣለሁ፤ ውሃ ጨመርሽ ያለኝ ሰው የለም። ይቺን ልጅ ማን ነው ያስተማራት፣ አለነ?»

«መንግሥት ነው» አለ ጋሽ አለነ።

«ይመልሳት።»

እቴ የሻረግ ስሟን ለማጥራት ዳግሙን እንደገና እሳት ላይ ጥዳ ሦስተኛ አወጣችው። ጠርሙሱን አምጥታ «በይ አሁን ውሃ ፈልጊ» ብላ አስጨበጠችኝ። ጣቴ ላይ ባንጠባጥበው እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝና እልም አለ። አንድ ጎረቤት ሰርቆ አንድ ጉንጭ ቀምሶ ግድግዳ ተደግፎ ቁጭ አለ። ከዚያ በኋላ የተጠየቀውን ሁሉ የሚመልሰው ራሱን በመነቅነቅ ነበር።

ይኼኛው ከቤንዚኑ ጋር ተዋሃደ። በጠርሙስ አየሁት፤ አንድ ሆነ። ግን የቆሰበር ብርድ ሲነካውና ዝም ብሎ ሲቀመጥ ከታች በኩል ላብ የመሰለ ነገር ያቋጥራል። ሲነቀነቅ ይስማማል፣ ሲቆም ይለያያል። ስለዚህ ለሞተሯ ሕግ ወጣላት። ቁልቁለት ላይ በሰው ተገፍታ ትነሳለች፤ ከተነሳች በኋላ መቆም የሚባል ነገር የለም። ከቆመች እንደገና የሚገፋ ሰው መፈለግ ነው፣ በዚያ ሜዳ ላይ ደሞ ከላም በቀር የለም።

እንደዚህ ሆና ሄደች። ሄደች ስል በረረች ማለቴ አይደለም፤ እየተንገጫገጨች፣ እያስነጠሰች፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት እየዘለለች ነው። ጭሷ ጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይሸታል። ገበያ መሀል ስናልፍ ወንዶቹ አፍንጫቸውን ቀና አድርገው ይከተሉናል። «አለነ ዛሬም ጠጥቶ ነው የሚነዳ» ይላሉ። እሱ ደሞ በሕይወቱ አረቄ ቀምሶ አያውቅም። «እኔ አልጠጣም» ይላቸዋል እያለፈ። «የምትጠጣው እሷ ናት። እኔ አሳዳሪዋ ነኝ።» እቴ የሻረግ ሰማችና ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኞቿ ስትቀዳ «ሞተር የሚያስነሳ ነው፣ ተጠንቅቃችሁ ጠጡ» ማለት ጀመረች። ቤቷ ሞልቶ መቀመጫ ጠፋ።

እኔ ግን ሞተሯ ምን እየሆነች እንደነበር አይ ነበር። ቤንዚኑን የሚያወርደው የጎማ ቱቦ አበጠና እንደ ተቀቀለ አንጀት ለሰለሰ። ክዳኗ ሥር ያለው ቡሽ እየተፈረፈረ ወደ ውስጥ ገባ። ሰልባትዮዋ ውስጥ የኖረውን ዝገት አረቄው አጥቦ ወደ ካርቡራተሩ ላከው። ጋሽ አለነ ካርቡራተሩን በየቀኑ እየፈታ በዶሮ ላባ ይጠርጋል። የእቴ የሻረግ ዶሮዎች ሲያዩት ይሸሹ ነበር። ሞተሯ ደሞ ትግላለች፤ ቀሚሴን ሁለት ቦታ አቃጥላዋለች።

«ትሞትብሃለች» አልሁት።

«ሁላችንም እንሞታለን። እሷ ግን ጠጥታ ነው የምትሞት።»

አሁን ወደ ዙሩ ልምጣ። በዚህ አገር ትልቅ ሰው መንገድ ላይ አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ የለም። ፈረስ ላይ ያለ ሰው ይወርዳል፣ ልጓሙን ይዞ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ሰላምታው ይጀምራል። ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ አዝመራው ይጠየቃል፣ የታመመ ካለ በስሙ ይጠየቃል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝና መጀመሪያ ላይ እብድ ልሆን ነበር። ጋሽ አለነ ግን ሰላምታ ይወዳል። ሰላምታ ለሱ ምሳው ነው። ሞተሯ የማትቆም ከሆነች በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጁን እያውለበለበ ያልፍ ነበር፤ ሰውም «ምነው አለነ ናቀን» ማለት ጀመረ። ያ ከነከነው። እራቱን አልበላም ብላኛለች እቴ የሻረግ።

ከዚያ ዙሩን ፈጠረ።

መጀመሪያ ያየሁት ከግምጃ ቤት ገበያ በሚመለሱ አንዲት አሮጊት ላይ ነው። ከሩቅ ሲያያቸው ከመንገዱ ወጣ፣ ሜዳው ላይ ገባ፣ ዙሪያቸውን ይዞር ጀመር።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ» አለና አለፈ።

አሮጊቷ ዞር አሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተ ማነህ?»

«አለነ ነኝ» አለ ከኋላቸው። «ልጆች ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። የት ሄድህ?»

«እዚህ ነኝ። ላሟ ወለደች?»

«ወንድ ወለደች። ኧረ ቁም፣ አዞርኸኝ።»

«መቆም አልችልም፣ አረቄ ጠጥታለች። በሉ ደህና ይዋሉ።»

አሮጊቷ መንገድ ላይ ቆመው በያዙት ቅርጫት አፋቸውን ሸፍነው ሲስቁ አየኋቸው። ከዚያ ወዲህ ሰው ወደደው። እንዲያውም ሞተሯ ስትመጣ እንዲዞራቸው ሜዳ መሀል ሄደው የሚቆሙ ነበሩ። አገውኛ ለሚናገር በአገውኛ ይዞራል፣ አማርኛ ለሚናገር በአማርኛ ይዞራል። አንድ ሰው አንድ ዙር ነው፤ ልማዱ ነው። እኔ ከኋላ ካፖርቱን እየጎተትሁ «እለፍ፣ ጋሼ፣ እለፍ» እላለሁ። ማን ሰምቶኝ።

ነሐሴ ላይ አንድ ገበሬ ሮጦ መጣ። ዘንገና ሐይቁ አጠገብ ሚስቱ ከትናንት ጀምሮ አምጣ ልጁ አልወጣላትም። ቦርሳዬን ይዤ ተፈናጠጥሁ፤ በሽተኛ ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች ገፉን፣ ሞተሯ ተነሳች፣ ሄድን። ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሜዳው ላይ አንድ ፈረሰኛ አየን። ዳማ ፈረስ፣ ጥቁር ካባ።

«ያዢኝ» አለ ጋሽ አለነ። «ግራዝማች አድማሱ ናቸው።»

ግራዝማች አድማሱ የዚያ አገር ባላባት ናቸው። ሰላምታ ላይ ቀልድ አያውቁም። የወረዳው ሹም እንኳን ሲያገኛቸው ከበቅሎው የሚወርድላቸው ሰው ናቸው።

«እለፋቸው» አልሁት ጀርባው ላይ።

«ግራዝማችን? ከዚያ የት አገር ልኖር ነው?»

«ሴትዮዋ ትሞታለች።»

«አትሞትም፤ ፈጠን ብዬ ነው የምዞራቸው።»

ፈጠን ብሎ መዞር ጀመረ። እዚህ ላይ ያላሰበው ነገር መጣ። ፈረሱ ሞተር አይቶ አያውቅም። ደንግጦ በመሸሽ ፈንታ፣ ምን እንደሆነች ለማየት ከሞተሯ ጋር ይዞር ጀመር። እኛ ስንዞር ፈረሱም ቦታው ላይ ይዞራል፣ ግራዝማች ከነካባቸው ይዞራሉ፣ ካባው በነፋስ ተነፍቶ እሱም ይዞራል።

«እንደምን ዋሉ፣ ግራዝማች» ይላል ጋሽ አለነ። «እመቤቲቱ ደህና ናቸው?»

«ቁም፣ አንተ» ይላሉ ግራዝማች ልጓም እየጎተቱ።

«ትልቁ ልጅዎ ደህና ነው? ታናሹስ? አማችዎስ እግሩ ተሻለው?»

አንድ ዙር አልበቃውም፣ ሌላ ጀመረ። የግራዝማች ቤት ሰው ብዙ ነው። እኔ ጀርባውን በጡጫ እደበድበዋለሁ። ጀርባው ግን ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የሞተሯ መሰለኝ፤ ወዲያው ገባኝ፣ እየሳቀ ነው። የፈረሱን ፊት አየሁና እኔንም ያዘኝ። ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ እንደ አዲስ ተማሪ አፍጥጦ ይከታተለናል። ቦርሳዬን አቅፌ ጋሽ አለነ ካፖርት ውስጥ ተሸሽጌ ሳቅሁ፤ ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀችኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ስንሄድ ግራዝማች ፊታቸውን ወዴት እንደሚያዞሩ ጠፍቷቸው ቆመው ነበር።

ከቤቱ ስንደርስ ጋሽ አለነ «ዝለይ» አለኝ። ድንች ማሳ ውስጥ በግንባሬ ወደቅሁ። ገባሁ። ልጁ በእግሩ መጥቶ ነበር፤ ብዙ ታገልሁ። ጋሽ አለነ ውጭ ጎጆውን ይዞራል፤ መቆም አይችልማ፣ እናትዬዋን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ካስፈለገ ሞተሯ ሞቃ መጠበቅ አለባት። አማትየው «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ይላሉ፤ እኔ እናትዬዋን «ግፊ» እላለሁ። ልጁ ወጣ፣ አለቀሰ። ወዲያው አረቄው አለቀና ውጭውም ዝም አለ። አማትየው እስካሁን «ልጁ የወጣው የሚጮኸውን ለማየት ነው» ይላሉ። እኔም አልከራከራቸውም።

ግራዝማች ግን ከሰሱ። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዝግባው ሥር። የሚፈልጉት ካሳ አልነበረም። ሞተሯ ከቆሰበር ትውጣ፣ ወደ ዳንግላ ትመለስ ነው ያሉት። የዳንግላው አለቃችን ደሞ ሞተሯን ለራሱ ሲመኛት ኖሯል፤ የግራዝማች አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ሞተሯ ሄደች ማለት ክረምቱን ለዘንገና ሴቶች ማንም አልደረሰም ማለት ነው። ጋሽ አለነ ይህን ያውቃል። ጠዋት ቁርሱን አልነካም፤ ሞተሯንም መታ መታ አላደረጋትም።

«እኔን ሰው ዞሮኝ አያውቅም» አሉ ግራዝማች። «አባቴ እንኳን ሳይዞረኝ ነው ያሳደገኝ።»

«ምን እያለ ነው የዞረዎ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«እንደምን ዋሉ እያለ።»

«ታዲያ ሰላምታ ነዋ።»

«ጅብም ከመብላቱ በፊት ይዞራል» አሉ ግራዝማች።

ጋሽ አለነ ባርኔጣውን ከነሻሹ ደረቱ ላይ ይዞ ተነሳ። «አባቶቼ፣ እኛ የምንዞረው ምንን ነው? ቤተ ክርስቲያንን አይደለም? የናቀውን ነገር የሚዞር ክርስቲያን አይታችኋል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ነገሩ የገባቸው መሰለ።

«ቤተ ክርስቲያን በእግር ነው የሚዞረው» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የሆኑት ቄስ። «ደሞ የሚዞራት ሰው አረቄ አይሸትም።»

ያን ጊዜ ነው ግራዝማች ወደኔ ዞረው የጠየቁኝ። እያከበረኝ ነበር ወይስ እየሳቀብኝ?

ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ታቅፌው ነበር። ያን ብናገር ሞተሯ በማግሥቱ ዳንግላ ናት። አክብሮ ነው ብዬ ብቻ ብምልም ውሸት አልችልበትም፤ ፊቴ ቀድሞኝ ይናገራል። አፌን ከፈትሁ። በዚያ ቅጽበት የፈረሱ ፊት ትዝ አለኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅጥቄ ጎንበስ አልሁ፤ ትከሻዬ ይንቀጠቀጣል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ ስቅታ ያዘኝ።

«ልጅቷ አለቀሰች» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ተዋት፣ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው» አሉ ቄሱ። «ውሃ ስጧት።»

ግራዝማች ግን አልተታለሉም። ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

ሽማግሌዎቹ መላ ጠፋቸውና ሞተሯን እንያት አሉ። መቆም አትችልም የሚባለው እውነት ከሆነ ይታይ። ጋሽ አለነ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄዶ አስገፍቶ አስነሳትና ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ አመጣት። «አቁማት» አሉት፤ አቆማት። «አስነሳት» አሉት፤ ረገጣት፣ ረገጣት፣ ካፖርቱን አውልቆ ረገጣት፤ እኔ ካፖርቱን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጸጥ።

«እንግዲህ የሚገፋት ሰው ያስፈልጋል» አለ ጋሽ አለነ አንገቱን ደፍቶ።

ማን ይግፋ? እዚያ ያለው ሽማግሌ ብቻ ነው። ተያዩ። ቄሱ ጥላቸውን ለኔ አቀበሉኝ። ጋቢ ተጣጠፈ። የቆሰበር ሽማግሌ በሙሉ ትከሻውን ሰጥቶ ቀይ ሞተር ሲገፋ ያላየ ሰው ምን አየ ይባላል። ግራዝማች አልገፉም፤ በከዘራቸው ጫፍ የኋላ መብራቷን ብቻ ጫን አሏት። ሞተሯ አስነጠሰች፣ ዘለለች፣ ተነሳች። ከፊት የነበሩት ሽማግሌዎች ጭቃው ላይ በደረታቸው ተነጠፉ። ጋሽ አለነ ቁልቁል ወርዶ ተመልሶ መጣና ተሰብስበው ከወደቁበት ሁሉንም አንድ ላይ ዞራቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አባቶቼ። አልተጎዳችሁም? ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ አባ? ክርንዎስ?»

ቄሱ ናቸው መጀመሪያ የሳቁት። ከዚያ ማንም አልቀረም፣ ከግራዝማች በቀር።

ፍርዱ እዚያው ጭቃ ላይ ተሰጠ። ለሌላው ሰው ይዙር። ለግራዝማች ግን ይቁም፣ ወርዶ ጎንበስ ይበል። ያቆሙትን ሞተር ደሞ ግራዝማች ያስገፉ። ሁሉም ተስማማ።

ጋሽ አለነ ፍርዱን እንደ ሕግ አከበረ። ግራዝማችን ባየ ቁጥር ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ልጓም የያዘ ይመስል እጀታዋን ይዞ ጎንበስ ይላል፣ እስከ አማቹ እግር ድረስ ይጠይቃል። ከዚያ በትሕትና ቆሞ ይጠብቃል። ግራዝማች ከማሳ ሰው ማስጠራት አለባቸው። አንዴ የሚገፋ ሰው ጠፍቶ ዝናብ ላይ ሁላችንም አብረን ቆመን ዋልን፤ ግራዝማች ካባቸውን ለኔ ደረቡልኝ። መስከረም ሲገባ ሞተሯ ከሩቅ ስትሰማ ግራዝማች ፈረሳቸውን ይዘው ቀርከሃ ውስጥ ሲገቡ ያየሁት እኔ ነኝ። የፈረሱ ጭራ ከቀርከሃው ወጥቶ ይታያል። ጋሽ አለነም አየ። ያላየ መስሎ አለፈ፣ ባርኔጣውን ብቻ ወደ ቀርከሃው አነሳ።

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ደረቀና ቤንዚን መጣ። ለሞተሯ ግን መሽቶባት ነበር። ንጹሕ ቤንዚን ቢያጠጧትም ትግላለች፣ ታቃስታለች። ዳንግላ ወሰድናት። መካኒኩ ፈታት። ካርቡራተሯ ቡናማ ጭቃ ሞልቶታል፤ ቱቦው እጁ ላይ ተበጣጠሰ፤ የፒስተኗ ጫፍ አይጥ የበላው ይመስላል። ሰልባትዮዋ ውስጡ ብቻ እንደ አዲስ ድስት ያበራል።

«ምን አጠጣችኋት?» አለ መካኒኩ።

«የገብስ» አለ ጋሽ አለነ።

ሞተሯ ዳንግላ ቀረች፤ እዚያው ናት እስካሁን። እሱም ከዚያ ብዙ አልቆየም። ወደ ቆላ ሲዛወር እቴ የሻረግ አንድ ጠርሙስ ሦስተኛ አስያዘችው። «አልጠጣም እኮ» ሲላት፣ «ለሰው ስጠው፤ ውሃ የለውም በል» አለችው።

ዘመድ እዚህ የለውም፤ ልቅሶው የተደረገው እቴ የሻረግ ግቢ ነው። ሰዉ ተቀምጧል። አሮጊቶቹ እያለቀሱ መሀል ላይ ስለ ዙሩ ያነሳሉ፣ ሳቅ ያመልጣቸዋል፣ እንደገና ያለቅሳሉ። ከሰዓት ግራዝማች አድማሱ መጡ። ከፈረሳቸው በር ላይ ወረዱ። ግን አልገቡም። እኔን አስጠሩኝ።

«ያን ጊዜ የጠየቅሁሽን አልመለሽልኝም» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ልቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁ። ግን አንጀቴ አልቆረጠልኝም። የማለቅሰው ያከበረኝን ሰው ነው ወይስ የሳቀብኝን? እውነቱን ንገሪኝ። ካልሆነ ፈረሴን አዙሬ ልሂድ።»

ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል። እቴ የሻረግ በዓይኗ «ዋሺ» ትለኛለች።

«ስቋል፣ ግራዝማች» አልሁ ጮክ ብዬ። «ታቅፌው ነበር፤ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ አውቃለሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ሌላውን ሰው አንድ ዙር ነው የሚዞረው። እኔ እለፋቸው እያልሁ በጡጫ እየደበደብሁት፣ ምጥ የያዛት ሴት እየጠበቀችን፣ የእርስዎን ቤት ሰው አንድ በአንድ ጠይቆ ሳይጨርስ አልወጣም አለ። ሲስቅም ደስ ብሎት ነው። እየዞረ አልጠገበዎትም።»

ግራዝማች ልጓሙን ለኔ አስጨብጠው ወደ ልቅሶው ገቡ።